ጋዜጦቻችንን ውክፔዲያ ላይ ስለማስፈር፦ ከደሴ የተከፈተው ክርና መልሶቹ

ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈተችው የደሴ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ካሉ ጓደኞቿ ጋር ሆና በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጦች መጻፍ ፈልጋ ከየት እንጀምር ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ብቻ ቢሆን ኖሮ በ5 መልስ ባለቀ ነበር። ክሩን ያስረዘመው አብሮ የመጣው አቋሟ ነው። አብዛኞቹ ከገበያ የወጡ ጋዜጦች ድረ ገጽ ስለሌላቸው ለየብቻ መጣጥፍ ሊጻፍላቸው አይችልም፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ የስም ዝርዝር ገጽ ውስጥ መሰብሰብ ይሻላል ባይ ናት። አማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ያህል መጣጥፎች ይዞ ስለ ጋዜጦች ያለው ግን እዚህም እዚያም የተንጠባጠበ ነው ስትል ያስቀመጠችውን ማንም አልተከራከረም። መነሻ የሆናት እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክ ኮልፊልድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር የጀመረው ዘመቻ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ስለ ትንንሽ የአካባቢ ጋዜጦች በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እንዲጽፉ የጠራ ዘመቻ። ምክንያቱን በደንብ አስረድታለች፦ አንድ ሰው ስልኩ ላይ የማያውቀው ጋዜጣ ዜና ሲደርሰው የጋዜጣውን ስም ይፈልጋል፤ መፈለጊያውም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳየው ከውክፔዲያ የተቀነጨበውን ነው። እውነተኛው ጋዜጣ መጣጥፍ ከሌለው፣ ትናንት ማታ ከተከፈተ የሐሰት ገጽ የሚለየው ነገር አይታይም።

1ኛው መልስ ሰጪ በአክብሮት አመስግኖ ገባና ዝርዝሩን ግን ተቃወመ። ውክፔዲያ ምንጭ ይጠይቃል እንጂ የድረ ገጽ አድራሻ አይጠይቅም፤ የታተመ ወረቀት ሙሉ ምንጭ ነው። ለማጣቀሻው የሚያስፈልገው የጽሑፉ ርዕስ፣ የጸሐፊው ስም ካለ፣ የጋዜጣው ስም፣ ዓመትና ቁጥሩ፣ ቀኑና ገጹ ነው። እነዚህ ከተሟሉ ሌላ ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የማጣቀሻ ዓላማውም እሱ ነው። ስለ ዝርዝር ገጹም፣ እያንዳንዱ መስመር የየራሱ ምንጭ ካልተሰጠው ማንም እየገባ የፈለገውን ስም እንደሚጨምርበት አስጠነቀቀ። 2ኛው ከከፋቿ ጋር ወግኖ ዝርዝር ይቀላል ብሎ በሁለት መስመር አለፈ። ይቀላል፤ ግን ዝርዝር አንባቢውን የትም አያደርሰውም።

3ኛው መልስ የክሩ አከርካሪ ነው። የጻፉት በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ በቤተ መጻሕፍት ሥራ የቆዩ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው በኋላ የመጡትም ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። አብሽሪ ልጄ ብለው ጀምረው፣ መጣጥፍ ለመጻፍ ከመቀመጥ በፊት ጋዜጣው በእጅ መያዝ አለበት አሉ። መጀመሪያ የሚታየው የፊት ገጹ ራስጌ ነው፦ ስሙ በትክክለኛ ፊደሉ፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ በየስንት ጊዜው እንደሚወጣ። ቀጥሎ በውስጥ ገጽ ያለችው፣ አንባቢ ሁሉ ዘሏት የሚያልፋት ትንሿ ሳጥን ናት፤ ዋና አዘጋጁ፣ አሳታሚው፣ አታሚውና አድራሻው የተጻፉባት። በአንድ ጋዜጣ ቢያንስ ሦስት እትም ይታይ አሉ፦ ከተገኘ የመጀመሪያው፣ አንድ ከመሀል፣ አንድ ከመጨረሻዎቹ። ምክንያታቸው፣ ዋና አዘጋጅም አሳታሚም ይቀያየራሉና በአንድ እትም ብቻ የተጻፈ መጣጥፍ የአንድን ሳምንት እውነት የጋዜጣው ዕድሜ ሙሉ እውነት አድርጎ ያቀርባል የሚል ነው።

እዚሁ ላይ ያነሱት ስሕተት ብዙ ገጽ ያበላሸ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገረው። የአገራችን ጋዜጦች እጅግ ብዙዎቹ የታተሙት አዲስ አበባ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ሳጥኗ ውስጥ የማተሚያ ቤቱን ስም ያይና በመጣጥፉ የመረጃ ሳጥን (ጎን ላይ ባለው ሠንጠረዥ) ውስጥ አሳታሚ በሚለው ቦታ ይሞላዋል። ውጤቱ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ መንግሥትን ሲተቹ የነበሩ የግል ጋዜጦች ሁሉ የአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ንብረት መስለው ይቀራሉ። አሳታሚው ገንዘቡንና ኃላፊነቱን የያዘው ነው፤ አታሚው በክፍያ ቀለሙን ያሳረፈው። በመረጃ ሳጥኑ ውስጥ ለየብቻቸው ይግቡ፤ አታሚው የሚገባበት ቦታ ከሌለ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገር።

4ኛው፣ የመጀመሪያው እትም ካልተገኘ የምሥረታውን ዓመት ከራስጌው ማስላት ይቻላል የሚል ሐሳብ አመጣ። 2008 ላይ የወጣው እትም 14ኛ ዓመት የሚል ከሆነ፣ 13 ቀንሶ 1995 ማለት። 5ኛው በጨዋ ቋንቋ አረመው። አንዳንድ ጋዜጣ ዓመቱን የሚቆጥረው ከመስከረም ነው፣ አንዳንዱ ከተመሠረተበት ወር፤ በዚህ ብቻ ልዩነቱ አንድ ዓመት ይሆናል። ጋዜጣ ተቋርጦ ሲመለስ አሳታሚው ቆጠራውን ከ1 ሊጀምር ይችላል፣ ወይም የተቋረጠበትን ጊዜ ጨምሮ ሊቀጥል ይችላል። የእትም ቁጥር ይሻላል፤ ሳምንታዊ ጋዜጣ በዓመት 52 ስለሚወጣ ቁጥር 700 የሚል እትም ከ13 ዓመት ተኩል ገደማ ሥራ በኋላ የመጣ ነው። እሱም ቢሆን በበዓል የተዘለለና በአንድ ላይ የወጣ ጥምር እትም ስላለ ለመጠርጠሪያ እንጂ ለመጻፊያ አይሆንም። ስሌቱ የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል፤ መጣጥፉ ውስጥ የሚገባው ግን በምንጭ የተገኘው ቀን ነው። 5ኛው ልክ ነው፤ 4ኛውም ሳያንገራግር ተቀበለ።

6ኛው የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ሲያነሳ ድምፁ መቀየር ጀመረ። የውክፔዲያ እህት በሆነው የመረጃ ቋት፣ በዊኪዳታ ላይ የጋዜጦችን የምሥረታ ዓመት የሚሞሉ ሰዎች የእኛን ዓመት እንዳለ እየጻፉ ነው ብሎ ተቆጣ። ዊኪዳታ የሚያውቀው የግሪጎርያንንና የጁልያንን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያን አያውቅም። አዲስ ዘመን የተመሠረተው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው። ያንን 1933 እንዳለ የጻፈ ሰው፣ ከነፃነት በኋላ የወጣውንና ስሙንም ከዚያ ያገኘውን ጋዜጣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ያስወልደዋል። ትክክሉ ጁን 7 ቀን 1941 ነው። ሄራልድም እንዲሁ፦ ሰኔ 26 ቀን 1935፣ ማለትም ጁላይ 3 ቀን 1943።

7ኛው ጉዳዩ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ እስከ ታኅሣሥ ላለው ጊዜ 7፣ ከጥር ጀምሮ ላለው ደግሞ 8 መደመር ነው አለ። 8ኛው በዚህ ላይ ወረደበት፤ አነጋገሩ መረር ያለ ቢሆንም የያዘው ነገር ግን ወርቅ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠው ጥር 1 ሳይሆን ታኅሣሥ 23 ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም፤ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ራሱ የወጣው ጃንዋሪ 1 ቀን 1925 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917፣ ሐሙስ። በ7ኛው ደንብ የሄደ ሰው ጋዜጣውን አንድ ዓመት ሙሉ ያስረጀዋል። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለሚሆን፣ ተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ በሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ መለወጫው ታኅሣሥ 22 ይሆናል፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስም ቀኑ ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ወሩ ሳይታወቅ ዓመቱ ብቻ የታወቀ እንደሆነም መገመት የለም፤ ለምሳሌ 1988 ከሴፕቴምበር 1995 እስከ ሴፕቴምበር 1996 ስለሚዘልቅ፣ ዊኪዳታ ላይ ከቀኑ ሥር ቀደምት ቀን የሚባለውን ፒ1319ንና የመጨረሻ ቀን የሚባለውን ፒ1326ን መጨመር ነው። በአማርኛው መጣጥፍ ግን ሁለቱም ይጻፉ፤ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሳይባል የተተወ ዓመት አይኑር። 7ኛው ተመልሶ ለቀኑ አመስግኖ ለስድቡ ግን ቅር እንዳለው ጻፈ፣ ተገቢም ነው።

9ኛው የስም ጉዳይ አነሳ። አዲስ ዘመን ብሎ የፈለገ ሰው ደቡብ ጎንደር ያለችውን ከተማም ሊፈልግ ይችላል፤ ብርሃንና ሰላም የጋዜጣም የማተሚያ ቤትም ስም ነው፤ ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ የሚወጣው አማርኛውና ቅዳሜ የሚወጣው እንግሊዝኛው አለ። ስለዚህ ከርዕሱ አጠገብ ጋዜጣ የሚለው በቅንፍ ይግባ፣ በባዶው ስም ደግሞ አንባቢው የፈለገውን የሚመርጥበት መለያ ገጽ ይከፈት። 10ኛው ይህን ደግፎ የፊደል ጣጣችንን አከለበት። አንዱ ዓለም ብሎ ሲጽፍ ሌላው አለም፣ አንዱ ፀሐይ ሌላው ጸሐይ፤ መፈለጊያው ደግሞ እነዚህን እንደ አንድ ላያያቸው ይችላል። ሰው ፈልጎ ያጣውን የሌለ መስሎት እንደገና ይጽፋል፣ አንድ ጋዜጣም ሁለት መጣጥፍ ይኖረዋል። መድኃኒቱ ዋናውን ርዕስ በራስጌው ላይ በታተመው ፊደል አድርጎ፣ ለሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ መምሪያ መንገድ መክፈት ነው። ከዚህ ተነስቶ ደሴ በየትኛው ሰ ይጻፍ ወደሚል ክርክር የገቡ ሦስት አጫጭር መልሶች አሉ፣ 11፣ 12 እና 13፤ ለጋዜጦቹ የሚጨምሩት ነገር የለም።

14ኛው ላይ ክሩ ተካረረ። አንድ ሰው ለናሙና ብሎ ከአንድ ጋዜጣ ድረ ገጽ ስለ እኛ የሚለውን ሙሉውን ገልብጦ፣ ሦስት ቃል ለውጦ መጣጥፍ አድርጎ አቀረበ። ተወዳጅ፣ ግንባር ቀደም፣ የሕዝብ ልሳን የሚሉ ቃላት አልቀሩም። 15ኛው ይህ ስርቆትም ማስታወቂያም ነው ብሎ ቁርጡን ነገረው። 14ኛው ጽሑፉን ያመጣሁት ጋዜጣው ውስጥ ስለምሠራ በፈቃድ ነው ብሎ መለሰ፣ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። የጋዜጣው ባልደረባ ስለ ራሱ ጋዜጣ መጻፍ የጥቅም ግጭት ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው ከሆነ ለምሳሌ በአባል ገጹ ላይ ማሳወቅ ግዴታው ነው። መንገዱ በመጣጥፉ ውይይት ገጽ ላይ የሚታረመውን ከነምንጩ አስቀምጦ ሌላ ሰው እንዲያስገባው መጠየቅ ነው። የቃል ፈቃድም ለቅጂ መብት አይበቃም፤ በውክፔዲያ የተጻፈ ሁሉ ማንም እንደገና ሊጠቀምበት በሚችል ፈቃድ ስለሚወጣ፣ ባለቤቱ ያንኑ ፈቃድ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጋሼ፣ 3ኛው፣ እዚህ ጣልቃ ገብተው ሁለቱንም አለዘቡ። ባልደረባው ከማንም የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ የሚችልበት ቦታ አለ አሉ፤ ሌላው የማያገኛቸውን የመጀመሪያ እትሞች ቀን፣ ቁጥርና ገጽ ማቅረብ።

16ኛው በቁጣ የጻፈው ግን ከልብ የሚሰማ ነው። አንድ ጉዳይ መጣጥፍ እንዲኖረው ውክፔዲያ የሚጠይቀው የታዋቂነት መስፈርት ለወረቀት ሀብታም አገሮች የተሠራ ነው፤ ስለ ጋዜጣ የሚጽፍ ሌላ ጋዜጣ በሌለበት አገር ገለልተኛ ምንጭ አምጡ ማለት የእኛን ጋዜጦች ከታሪክ ማስወጣት ነው፤ የወሎ ነገር ሲሆንማ ጭራሽ የለም ይባላል። 17ኛው ስሜቱን ሳያጣጥል ነው የመለሰው። በጋዜጣው መጠቀስና ስለ ጋዜጣው መጻፍ ይለያያሉ። ሌሎች ዜናውን ከሱ መውሰዳቸው ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን መጣጥፍ አይሸከምም። የሚሸከሙት ስለ ኢትዮጵያ ፕሬስ የተጻፉ የታሪክ ሥራዎች፣ በዩኒቨርሲቲ የተሠሩና በመጽሔት የታተሙ ጥናቶች፣ የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቾች ሪፖርቶች፣ ስለ ጋዜጣው መከፈት ወይም መዘጋት የተዘገቡ ዜናዎች ናቸው። የጋዜጣው የራሱ የምሥረታ በዓል ልዩ እትም ለቀኑና ለአዘጋጆቹ ስም ይሆናል፣ ለታዋቂነቱ ግን አይቆጠርም። ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ገለልተኛ ምንጭ ከተገኘ መጣጥፍ ይቆማል። ካልተገኘ ለጊዜው በአሳታሚው መጣጥፍ ሥር አንድ ክፍል ይሁን፤ ባሕር ዳር የሚታተመው በኩር ራሱን ችሎ የሚቆም ነው፣ የከተማ ኮሙኒኬሽን ቢሮ በዓመት ሁለቴ የሚያወጣው መጽሔት ግን ጋዜጣም አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ 16ኛው አልተቀበላትም፣ እስከ ክሩ መጨረሻም ሁለቱ አልተስማሙባትም። እኔ ከ17ኛው ጋር ነኝ፤ ደካማ መጣጥፍ ሲሰረዝ አብሮት የሚሄደው የጸሐፊው ተስፋ ነው፣ ያ ጸሐፊ ደግሞ ሁለተኛ አይመለስም።

18ኛው ከርዕስ ወጣ፣ ግን በማይቆጭ መንገድ። አሮጌ ጋዜጣ በደሴ የት ይገኛል የሚለውን ይዞ፣ የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ በየሱቁ ዕቃ መጠቅለያ የሆነውን፣ አዲስ አበባ ላይ በሰዓት እየተከራየ የሚነበበውን ሁሉ አነሳ። በ2014 ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ከደረሰው ዘረፋ በኋላ በየቤቱ የተረፈ ወረቀት ሁሉ ሊታይ ይገባዋል ብሏል። 19ኛው ወደ መሬት መለሰው፦ ራስጌ የሌለው ቅዳጅ የሚጠቅመው በገጹ አናት ላይ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና የገጽ ቁጥሩ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ የሚነበብ እንጂ የሚጠቀስ አይደለም። የተሟላውን ጥራዝ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ነው፤ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ሰው የሚላከው የሚፈለገው እትም ቀንና ቁጥር አስቀድሞ ተዘርዝሮ ከተያዘ ነው እንጂ፣ ጥራዝ ሲገላበጥ ቢዋል ቀኑ በከንቱ ይመሻል። ፎቶ ሲነሳም ወረቀቱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይዘርጋ፣ ያለ ፍላሽ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ መጀመሪያ ሙሉው ገጽ ቀጥሎ ራስጌው ብቻውን። በቆዩ እትሞች ላይ ቁጥሩ በግዕዝ ስለሆነ ፮ እና ፯ በደበዘዘ ኅትመት ይምታታሉ፤ ከሚቀጥለው ሳምንት እትም ጋር ማመሳከር ነው።

20ኛው ለኮምቦልቻዎቹ የሥልጠና ቀን ምክር ሰጠ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያውቁ ሥልጠና የጠሩ ሁሉ ቀኑ ይበላሽባቸዋል። ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በ24 ሰዓት ውስጥ መክፈት የሚቻለው 6 የአባልነት መለያ ብቻ ነው። 20 ተማሪ በአንድ የግቢ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ቢጀምር ሰባተኛው ላይ ይቆማል፣ አሠልጣኙም ሰዓቱን በማስረዳት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁሉም ከሳምንት በፊት በየስልኩ ዳታ ከፍቶ ይምጣ። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ መጣጥፍ ለመፍጠር ደግሞ 4 ቀንና 10 አርትዖት ያስፈልጋል፤ ያቺ ሳምንት ለሁለቱም ትሆናለች። ቪፒኤን ተከፍቶ አርትዖት አይሞከር፣ አብዛኛው አድራሻ ታግዷል። መብራትና መስመር ስለሚቋረጥም ጽሑፉ መጀመሪያ በስልክ ማስታወሻ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይለጠፍ። ምንጩ ድረ ገጽ ከሆነ በዚያው ቀን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያቆየው ዌይባክ ማሽን ላይ ቅጂው ይቀመጥ፤ የጋዜጣ ድረ ገጽ ኪራዩ ሳይከፈል ቀርቶ ሲጠፋ ማስረጃው አብሮ እንዳይሄድ።

21ኛው ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች መለያ የሚሆነውን ዓለም አቀፉን የተከታታይ ኅትመት ቁጥር አነሳ። ባለ 8 አኃዝ ሆኖ የመጨረሻው የማረጋገጫ አኃዝ ስለሆነ የተሳሳተ ቁጥር በወረቀትና እርሳስ ይያዛል። የመጀመሪያዎቹን 7 በቅደም ተከተል በ8፣ በ7፣ በ6 እያሉ እስከ 2 ማባዛት፣ ድምሩን ለ11 ማካፈል፣ ቀሪውን ከ11 መቀነስ። ለምሳሌ ኔቸር የተባለው መጽሔት ቁጥሩ 0028-0836 ነው፤ ድምሩ 82፣ ቀሪው 5፣ ከ11 ሲቀነስ 6፤ ገጠመ። ቀሪው 0 ከሆነ ማረጋገጫውም 0 ነው፤ ውጤቱ 10 ሲሆን በኤክስ ፊደል ይጻፋል። ካልገጠመ ከፎቶው ላይ በስሕተት ተነቧልና ተመልሶ ይታይ።

የመጨረሻው፣ 22ኛው፣ የራስጌ ፎቶዎቹን የውክፔዲያ የፎቶ ማከማቻ በሆነው ኮመንስ ላይ መጫን ይፈቀዳል ወይ ለሚለው የከፋቿ ጥያቄ የተሰጠ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ስም ያልተጻፈበት ሥራ ከወጣበት 50 ዓመት፣ ፎቶግራፍ 25 ዓመት። በዚህ ስሌት የ1930ዎቹ አዲስ ዘመን ራስጌ ይጫናል። ሙሉው የፊት ገጽ ግን፣ ስሙ የተጻፈ ጸሐፊ ጽሑፍ ካለበት፣ የዚያ ሰው ዘመን መታየት አለበት፤ ካልታወቀ ጽሑፉን ትቶ ራስጌውን ብቻ ቆርጦ ማስቀመጥ። የቅርብ ጊዜ ጋዜጦች ዓርማ ሥዕል ካለበት አይጫንም፤ በተራ ፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ከሆነ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ሆኖም ፊደሉ በእጅ የተሣለ ከሆነ ከመጫኑ በፊት ኮመንስ ላይ ይጠየቅ።